የሽማግሌው ቄስ ትሕትና፦ «አልቅሺ፣ የተወደድሽ አገር»ን የምንወደው ለምንድን ነው?

የአራት ኪሎ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመጽሐፍ ወዳጆች። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር የምናነብበት አነስተኛ የንባብ ቡድን አለን። አሁን የያዝነው ደቡብ አፍሪካዊው አላን ፔተን ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመውን «አልቅሺ፣ የተወደድሽ አገር» የተባለውን ልብ ወለድ ነው፤ የምናነበው በእንግሊዝኛ፣ የምንወያየው ግን በአማርኛ ነው። በተማሪነቴ ካነበብኳቸው ልብ ወለዶች ሁሉ የዚህን ያህል የወደድኩት የለም፤ ልጆቹም እንዲወዱት ከልቤ እፈልጋለሁ።

ላላነበባችሁት ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ስቲቨን ኩማሎ ናታል ውስጥ፣ ንዶትሼኒ በምትባል ደሃ መንደር የሚያገለግል የዙሉ ተወላጅ ቄስ ነው። የታመመች እኅቱንና ደብዛው የጠፋውን ልጁን ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ ይሄዳል። እኅቱን የተከለከለ መጠጥ እየሸጠችና ሰውነቷን እየሸጠች ስትኖር ያገኛታል። ልጁን አቤሴሎምን ደግሞ ከሠፈር ሠፈር ዱካውን ሲከተል ቆይቶ የሚያገኘው እስር ቤት ነው፤ ለስርቆት በገባበት ቤት ደንግጦ በተኮሰው ጥይት አንድ ነጭ ገድሏል። የሞተው አርተር ጃርቪስ ለጥቁሮች ፍትሕ የሚከራከር መሐንዲስ ሲሆን፣ አባቱ ጄምስ ጃርቪስ ከኩማሎ መንደር በላይ ባለው ለም ኮረብታ ላይ የሚኖር ባለእርሻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ያነበብነው ምዕራፍ 25ን ነበር። ኩማሎ የአንድ ጎረቤቱን ልጅ ሊያፈላልግ ወደማያውቀው ቤት ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ጃርቪስ ነው። ሽማግሌው ይንቀጠቀጣል፤ በትሩ ከእጁ ይወድቃል፤ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ጃርቪስ ሰውየው የታመመ መስሎት ይጠብቀዋል፤ ከብዙ ዝምታ በኋላ ኩማሎ ልጅዎን የገደለው ልጄ ነው ብሎ ይነግረዋል። ይህን ስናነብ ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ እንባቸውን መግታት አልቻሉም። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አውጥታ እንዲህ አለች፦ «መሬታቸውን በሕግ የወሰዱባቸው እነዚያ ናቸው። ከተማ ጠርተው ያበላሹትም እነዚያ ናቸው። ታዲያ የሚንቀጠቀጠው ለምን እሱ ይሆናል? እናንተ ታላላቆቻችን ይህን መጽሐፍ የምትወዱት ቄሱ የማይቆጣ ሰው ስለሆነ አይደለም ወይ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄዋ በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደርነው። አሁን እናንተን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። የምንወደው የሽማግሌውን ትዕግሥት ከሆነ፣ ለወጣቶች የምናስተምረው ግፍን በትዕግሥት መቀበልን ነውን? ካልሆነስ ይህ መጽሐፍ በዚህ ሁሉ ዘመን ልባችንን የያዘው በምኑ ነው? ከመጽሐፉ ገጽ እየጠቀሳችሁ ብትመልሱልኝ ለልጆቹ ማሳየት እችላለሁ።

ጡረተኛ የሥነ ጽሑፍ መምህር

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ለተማሪዎ ያለኝን አክብሮት ያድርሱልኝ። ያነሣችው ጥያቄ በደቡብ አፍሪካ በራሷ በደራሲያንና በሐያሲያን መካከል ብዙ ያከራከረ ነው። ሉዊስ ንኮሲን የመሰሉ ጥቁር ጸሐፊዎች፣ የእነርሱ ወጣት የከተማ ትውልድ በኩማሎ ትሕትና ውስጥ ራሱን ማየት እንዳልቻለ በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ ልጅቱ ብቻዋን እንዳልሆነች ቢነግሯት መልካም ነው።

ነገር ግን «ኩማሎ የማይቆጣ ሰው ነው» የሚለው ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። ይህንን ልብ ወለድ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የታዘብሁት፣ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ከራቀ በኋላ የሚያስታውሰው ደጉን ሽማግሌ ብቻ መሆኑን ነው፤ ፔተን የጻፈው ሰው ግን ከዚያ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። ምዕራፍ 16ን ከልጆቹ ጋር ቀስ ብለው ያንብቡ። ኩማሎ ከልጁ ያረገዘችውን ለጋ ልጅ ሊያይ ይሄዳል። ልጅቱ ብቸኛ ናት፤ ዘመድ የላትም፤ የሚጠይቃትን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ትመልሳለች። እርሱም ስለ ቀደሙት ወንዶቿ እየጠየቀ ያስጨንቃታል። በመጨረሻ ክፋት ያድርበትና፣ እኔ ብፈልግሽስ እሺ ትያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ልጅቱ ግራ ገብቷት እሺ ልል እችላለሁ ብላ ስትመልስ፣ ቄሱ በሁለት እጁ ፊቱን ይሸፍናል። ሊያቆስላት ፈልጎ ነበር፤ ቁስሏን ሲያይ ግን ራሱን አየ። ይህ የቅዱስ ሰው ሥዕል አይደለም። የታመቀ ቁጣው መውጫ ሲያጣ ከእርሱ ይልቅ ደካማ በሆነችው ላይ ያፈሰሰ ሰው ሥዕል ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ 29 ነው። ታናሽ ወንድሙ ጆን በከተማው ውስጥ አናጢና ድምፀ መረዋ ተናጋሪ ነው፤ ስለ ወርቁና ስለ ማዕድን ሠራተኛው ደመወዝ አደባባይ ሲናገር ሕዝቡ ይናወጣል። ነገር ግን የገዛ ልጁም በግድያው ሌሊት አብሮ ስለነበረ፣ ልጁን ለማዳን ጠበቃ ገዝቶ አቤሴሎምን ለብቻው ለገመድ ይተወዋል። ኩማሎ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ሊሰናበተውና ሊመክረው ይሄዳል። ወንድሙን ፊት ለፊት ሲያገኘው ግን የመጣበት ምክር ይጠፋና፣ ወዳጅ መስሎ ቤትህ የሚመጣ ሰላይ አለ የሚል ውሸት ፈጥሮ ያስፈራራዋል። ጆን ከቤቱ ያባርረዋል፤ በሩ በስተኋላው ይቆለፋል፤ ኩማሎም መንገድ ላይ በሐፍረት ቆሞ ይቀራል። ወንድሙን ሊመልስ ሄዶ ሊያቆስለው እንደ ፈለገ ያውቃል። ይህን ያነበበ ሰው የኩማሎ ትሕትና በተፈጥሮ የተሰጠው ነው ሊል አይችልም። በየጊዜው የሚሸነፍበት፣ እየወደቀ የሚያነሣው ነገር ነው።

እኔ ይህን መጽሐፍ የምወደው ስለዚህ ነው። ግፍ የተፈጸመበትን ሰው የግፉ ምስክር አድርጎ ብቻ አያቆመውም። የመዋሸት፣ የመጨከን፣ የማፈር ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ዘረኝነት ሰውን ከሰውነት ተራ የሚያወጣ ከሆነ፣ ለዚያ ጥሩው መልስ እንከን የሌለው ጥቁር መፍጠር አይመስለኝም።

ስለ ደራሲው አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቹ ሊያውቁት ይገባልና። ፔተን ከ1935 ጀምሮ ለአሥር ዓመታት ከዘለቀ ጊዜ በላይ በዲፕክሉፍ የጥቁር ታዳጊዎች ማረሚያ ኃላፊ ነበር። አቤሴሎምን የመሰሉ ልጆችን በስማቸው ያውቃቸው ነበር። መጽሐፉን መጻፍ የጀመረው የልዩ ልዩ አገሮችን ማረሚያ ቤቶች ለማየት በወጣበት በ1946 ኖርዌይ ውስጥ፣ ትሮንድሃይም ከተማ በሆቴል ሆኖ ነው፤ የጨረሰው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። አገሩን ከሩቅ የሚናፍቅ ሰው ድምፅ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይሰማል።

የልጁን ስም ደግሞ ልጆቹ ሳይነገራቸው ያገኙታል ብዬ አምናለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት የሄደ ሁሉ ዳዊት ስለ አቤሴሎም እንዴት እንዳለቀሰ ያውቃል፤ ያም ልጅ በአባቱ ላይ የተነሣ ልጅ ነበር። ምዕራፍ 9ን ደግሞ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ኩማሎ የለበትም፤ ቤት ያጡ ሰዎች ድምፅ ነው፤ በአንድ ሌሊት ከጆንያና ከቆርቆሮ የተሠራ ሠፈር ውስጥ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ሐኪም ትጠብቃለች። አልቃሿ ስታወርድ ለቀስተኛው የሚቀበላትን ሙሾ ይመስላል። ልጆቹ ይህን በጆሮአቸው ከሰሙ፣ መጽሐፉ ስለ ትዕግሥት የሚሰብክ ነው ማለት ይከብዳቸዋል።

ከልደታ፣ የሕግ ባለሙያ

መምህራችን ስለ ኩማሎ ጠባይ የሰጡት ማብራሪያ በእጅጉ ጠቅሞኛል። ይሁን እንጂ ውይይቱ በአንድ ሰው ጠባይ ዙሪያ ብቻ ከቆየ የተማሪዋ ጥያቄ ግማሹ ሳይመለስ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ልጅቱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «መሬታቸውን በሕግ የወሰዱባቸው» የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የተወላጆች የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከተከለለላቸው ቦታ ውጪ መሬት እንዳይገዙና እንዳይከራዩ ከለከለ። የተከለለላቸው ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ያህሉ ነበር፤ በ1936 የወጣው ሕግ ይህን ወደ 13 በመቶ ገደማ ከፍ ለማድረግ ዐሰበ። ጥቁሮቹ ግን ከሕዝቡ እጅግ የሚበዙት ነበሩ። አሁን የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ይመልከቱ። ከኢክሶፖ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ ያማረ ነው፤ ላይኛው ሣር ወፍራምና ጭጋግ የሚይዝ ነው፤ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ግን ሣሩ ይመናመናል፣ ቀዩ አፈር ይራቆታል፣ ወንዙ ዝናብ ሲጥል ብቻ ይሞላል፣ መንደሩ ውስጥም የሚቀሩት ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ፔተን በዚያ ገጽ ላይ ሕጉን በስሙ አይጠራውም። ሕጉ መሬቱን ምን እንዳስመሰለው ነው የሚያሳየን። ከላይ ጃርቪስ፣ ከታች ኩማሎ ይኖራሉ። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ቃላት ይጀምርና ወደ ሸለቆው ሳይወርድ ላይ፣ ጃርቪስ እርሻ ውስጥ ይቀራል። ተማሪዎቹ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርገው ቢያነቡ የአንድን አዋጅ ውጤት በዓይናቸው ያያሉ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በእኛ ከተማ ይህን መጽሐፍ የሚወዱ ብዙ ሰዎች እንደ ገጠርና ከተማ ታሪክ አድርገው ሲያነቡት ስለምሰማ ነው። አባት ከገጠር መጣ፤ ልጁን ከተማ በላችው፤ ያሳዝናል ይላሉ። እውነት ነው ያሳዝናል። ነገር ግን ከተማዋ አቤሴሎምን የበላችው በአጋጣሚ አልነበረም። ወንዶቹ ያለ ሚስቶቻቸው በማዕድን ማውጫ ካምፖች እንዲኖሩ የተደረገው፣ ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ ያልቻሉት፣ በሕግና በመመሪያ ነው። የተገደለው አርተር ጃርቪስ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት የሄደው ያልተጠናቀቀ ጽሑፍ የሚከራከረውም ይህንኑ ነው፤ የድሮውን የኑሮ ሥርዓት ለጉልበት ሲባል አፍርሶ በምትኩ ምንም አለማቆም ይቅር የማይባል ነገር መሆኑን ይጽፋል። አባቱ ያንን ጽሑፍ ልጁ ከሞተ በኋላ በልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነበዋል። በእኔ ግምት የልብ ወለዱ ትልቁ ለውጥ የሚጀምረው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ዘመኑንም ልብ ይበሉልኝ። መጽሐፉ የወጣው በየካቲት 1948 ነው፤ የነጮቹ ናሽናል ፓርቲ አፓርታይድን፣ ማለትም የዘር መለያየት ሥርዓትን፣ ዓርማው አድርጎ ምርጫውን ያሸነፈው በዚያው ዓመት በግንቦት ነው። ስለዚህ የምናነበው ግፍ ከአፓርታይድ በፊት የነበረው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ባሰ። ኩማሎ ጆሃንስበርግ ሲደርስ ያረፈባት ሶፊያታውን ጥቁሮች በስማቸው ቤትና ቦታ ሊይዙባቸው ከሚችሉ ጥቂት ሠፈሮች አንዷ ነበረች፤ ከየካቲት 1955 ጀምሮ ነዋሪዎቿ በፖሊስ ታጅበው በመኪና ተጭነው ተወሰዱ፣ ቤቶቹም ፈረሱ።

የፍርዱን ምዕራፍ እንደ ሕግ ሰው ሳነበው ሁልጊዜ ያመኛል። እውነቱን የተናገረው አቤሴሎም ሞት ይፈረድበታል፤ የካዱት ሁለቱ ግብረ አበሮቹ በማስረጃ እጦት ነጻ ይወጣሉ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደለም። ሕጉ ፍትሕ የጎደለው ነው የሚሉ ካሉ መለወጥ ያለበት ሕጉና ኅብረተሰቡ እንደሆነ፣ የዳኛ ሥራ ግን ያለውን ሕግ መፈጸም ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ይፈርዳል። ያንን ሕግ በማውጣት ላይ ከጥቁሮቹ አብዛኞቹ ድምፅ አልነበራቸውም። ተማሪዎ ቁጣ ከፈለገች እዚህ ምዕራፍ ላይ ታገኘዋለች፤ ደራሲው ቁጣውን ለገጸ ባሕርዩ ሳይሆን ለአንባቢው ትቶታል።

የአገራችንም ስም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን፣ ዛሬ ናሚቢያ በምንላት ግዛት ላይ ስለምትፈጽመው አስተዳደር ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ዳኛ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ የተናገረውን በሄግ አዳራሽ ውስጥም የሰማን ሕዝብ ነን።

የካዛንቺስ አባት

ወንድሜ የሕግ ባለሙያው የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ። ዘርን መሠረት ያደረገ አዋጅ እኛ ካሳለፍነው የገጠር ችግር ጋር አንድ ሊደረግ አይገባም። ሆኖም የገጠርና ከተማ ታሪክ አድርገን መውደዳችን መጽሐፉን እንዳሳነስነው ተደርጎ እንዳይታይ አደራ እላለሁ፤ እንደ እኔ ላለ ሰው መግቢያው በር ያ ነውና።

እኔ ያደግሁት ወሎ ገጠር ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ገብቶ ድምፁ በጠፋ ጊዜ አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ በቅሎ የሸጠበትን ብር በመቀነቱ ቋጥሮ አውቶቡስ ተራ ወረደ። የሚያገኘውን ሁሉ የልጁን ስም እየጠራ ይጠይቅ ነበር። ኩማሎ ጆሃንስበርግ ሲደርስ የአውቶቡስ ቲኬት ልቁረጥልህ ብሎ አንድ ፓውንዱን ይዞበት የሚሰወረውን ወጣት ሳነብ አባቴን አየሁት። መጽሐፉን ማቆም ያልቻልኩት ከዚያ ገጽ ጀምሮ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የማልረሳው ከዚያ የሚቀድመውን፣ የደብዳቤውን ትዕይንት ነው። አንዲት ሕፃን በብዙ እጅ ያለፈ፣ ያደፈ ደብዳቤ ታመጣለች። ባልና ሚስት ያገላብጡታል፤ ከልጃቸው ይሁን አይሁን ይጠራጠራሉ፤ አይከፍቱትም። ከተከፈተ በኋላ መልሶ መዝጋት እንደማይቻል ያውቃሉ። በመጨረሻ ሚስቱ ከፍታ ታነብለታለች። ቀጥሎ የመንገዱ ወጪ ሲነሣ፣ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ብለው በቆርቆሮ ያጠራቀሙት ገንዘብ ይመጣል፤ ቄሱ ሊነካው አይፈልግም። ቢነካው ልጁ ዳግም ትምህርት ቤት እንደማይገባ ማመን ይሆንበታል። ይህን እውነት አፍ አውጥታ የምትናገረው ሚስቲቱ ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ስሟ እንኳን አይጠራም፤ እኔ ግን ከኩማሎ ይልቅ ደፋር እርሷ ናት እላለሁ። እኅቴ፣ ተማሪዎ ጀግና ከፈለገች እርሷንም ትመልከታት።

ሰው መጀመሪያ የሚያውቀውን አባት ያገኛል፤ ከዚያም ይህ አባት ለምን እንዲህ እንደሆነ ሲጠይቅ የሕግ ባለሙያው ወደ ጠቀሱት አዋጅ ይደርሳል። በእኔ በኩል እንዲያ ነው የሆነው። የ1913ቱን ሕግ ያወቅሁት ኩማሎን ከወደድሁ በኋላ፣ ለምን የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ

ጠያቂያችንና መላሾች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ከሻጭነት ባለፈ ሊቅ ስላይደለሁ አጠር አደርገዋለሁ። ይህ መጽሐፍ በእጄ ሲገባ ብዙም አይቆይም፤ በወጣትነታቸው አንብበውት ያዋሱትን ሰው የረሱ ትላልቅ ሰዎች ይገዙታል። በቅርቡ ከአንድ ቤት ከመጡ መጻሕፍት ጋር ያገኘሁት ቅጂ ላይ የቀድሞው ባለቤት በየመስመሩ ራስጌ የከበዱትን ቃላት ፍቺ በአማርኛ፣ በእርሳስ ጽፎበታል። እርሳሱ ምዕራፍ አምስት ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ገጹ ንጹሕ ነው፤ ማዕዘኑ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በጣት ተነካክቶ ለስልሷል። ሰውየው ፍቺ መፈለጉን ትቶ ማንበብ እንደ ቀጠለ ያስታውቃል።

ለተማሪዋ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ማንዴላ በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ባለው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ የጦር ሥልጠና ወስዶ እንደተመለሰ ነሐሴ ላይ ናታል ውስጥ ሃዊክ አጠገብ ተያዘ። ናታል የኩማሎ አገር ነው። በ1964 በሪቮኒያው ችሎት እርሱና ጓደኞቹ ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ፣ ሞት እንዳይፈረድባቸው ምስክር ሆኖ የቆመው አላን ፔተን ነበር። ፔተን በጦር መሣሪያ ትግል የማያምን ሰው ነው፤ መንግሥት በ1960 ፓስፖርቱን ነጥቆ ለአሥር ዓመት አልመለሰለትም፤ ያቋቋመው ሊበራል ፓርቲም ጥቁር አባላቱን አስወጣ የሚል ሕግ በ1968 ሲመጣበት እነርሱን ከማባረር መፍረስን መረጠ። ዐቃቤ ሕጉ በዚያ ችሎት መስቀለኛ ጥያቄ እያወረደ ሊያዋርደው ሞከረ። ትሑቱን ቄስ የፈጠረው ሰው መሣሪያ ያነሡትን ሰዎች አንገት ለማዳን ቆሟል። ኮልፌና ይህ ልብ ወለድ ይህን ያህል ይቀራረባሉ፤ ልጆቹም ከአራት ኪሎ በአንድ ታክሲ የሚደርሱበት ቦታ ነው።

የአራት ኪሎ አንባቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ ሦስተኛውን ክፍል እንደገና ገለጥኩት፤ የተማሪዬም ጥያቄ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ አገኘሁት።

ኩማሎ ወደ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ ጃርቪስ ለሕፃናቱ ወተት ይልካል፤ ግድብ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ሕዝቡን እርሻ የሚያስተምር ሌትሲትሲ የተባለ ጥቁር ወጣት ባለሙያ ያስመጣል። የጃርቪስ የልጅ ልጅ፣ በቀይ ፈረስ የሚመጣው ትንሹ ልጅ፣ ለጥቁሩ ቄስ ቆቡን አንሥቶ ሰላምታ ሲሰጥ መንደርተኛው ይደነቃል። ኩማሎ ለዚህ ሁሉ ደግነት ምስጋናው ይበዛል። ሌትሲትሲ ግን አይስማማም። ወተቱ ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቃል፤ መሬቱን እንዲህ አጥብቦ የሰጠን፣ ወንዶቻችንን ለሥራ የወሰደብን ነጩ ነው፤ እኔ እዚህ የምሠራው ለእርሱ ሳይሆን ለአገሬና ለሕዝቤ ነው ይላል። ሽማግሌው ማንንም እንዳይጠላ፣ በማንም ላይ ሥልጣን እንዳይመኝ ይመክረዋል፤ ወጣቱም በአክብሮት ያዳምጠዋል፤ ሐሳቡን ግን አይለውጥም። ፔተን ለሁለቱም ቃል ሰጥቷል። የወጣቱን ቃል የሚያጠፋ መልስም በሽማግሌው አፍ ውስጥ አላስቀመጠም።

እዚህ ላይ በአንድ ነገር ከመምህራችን ትንሽ እለያለሁ። የኩማሎ ውስጣዊ ትግል ቢገባኝም፣ ወተትና ግድብ ፍትሕ እንዳልሆኑ፣ የአንድ ነጭ ልብ መለወጥም የ1913ቱን ሕግ እንዳላነሣ ለልጆቹ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። መጽሐፉን የበለጠ የምወደው ይህን በራሱ ስለሚያውቅ ነው።

ለቅዳሜ ያሰብኩት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሁለቱን ክፍሎች መክፈቻ ገጾች ጎን ለጎን እናነባለን፤ ቀጥሎ ምዕራፍ 29ን፤ በመጨረሻ የኩማሎንና የሌትሲትሲን ንግግር። የሌትሲትሲን ቃል እንድታነብ ያን ጥያቄ ያነሣችውን ልጅ ጠይቄያታለሁ፤ የኩማሎን ቃል ደግሞ ባለፈው ሳምንት ካለቀሱት ወንዶች አንዱ ያነበዋል። መምህር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ካለዎት መጥተው ቢገኙልን ልጆቹ ደስ ይላቸዋል። መጽሐፍ ሻጩ ወንድማችንም ያ በእርሳስ የተጻፈበት ቅጂ ገና ካልተሸጠ ያስቀምጡልኝ፤ ነገ ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ።